ግማሽ ትኬት

ሸክላ ይዋሻል ባይ ነኝ፤ ዛሬም እላለሁ። ሸክላ ላይ ያለች ዘፋኝ አትሳሳትም፣ አያልባትም፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ የሚያስልባት ሰው የለም። ታዲያ ምኗ ሰው ነው? ሲኒማው ደግሞ ይብሳል። ካሜራው የተዋናይዋ አፍ ውስጥ ሊገባ ይደርሳል፤ ድምፁ ግን የሌላ ሴት ነው፤ የዚያችን ሴት ስም የትም አታገኙትም።

ይህን ሁሉ የምለው እንጀራዬ ሸክላ ሆኖ ነው። ስሜ ቴልማ ካስል ይባላል፤ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የሸክላ ክፍል ቀኑን ሙሉ ሸክላ አውሳለሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ብሮድዌይ ላይ የታየውን ሙዚቃዊ ትያትር ሁሉ አይቻለሁ፤ ግማሽ ግማሹን።

ዘዴው ቀላል ነው። በእረፍት ሰዓት ተመልካቹ ሊያጨስ ወደ ደጅ ይወጣል። ትኬት የሌለን ሰዎች እንቀላቀልና ደወሉ ሲደወል አብረን እንገባለን። ሕጉ አንድ ነው፦ ኮት አይለበስም። ከውስጥ የወጣ ሰው ኮቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ነዋ የሚወጣው! ስለዚህ ኮቴን ማዶ ካለው ልብስ አጣቢ ዘንድ አስቀምጬ፣ በጥር በረዶ በስስ ቀሚስ ቆሜ የሞቀኝ መስዬ እስቃለሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ፍቅረኞች ሲጣሉም ሲለያዩም አይቻለሁ። ሲተዋወቁ ግን አንድም ቀን አላየሁም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት «የወደብ ሠርግ» ከሚታይበት ትያትር ቤት አንድ ረጅም ሰው ፕሮግራሙን ጨምድዶ በቁጣ ወጣ። ኮቱን ለብሷል።

«ሊሄዱ ነው?» አልኩት።

«ምን ልሠራ ልቀመጥ? ደራሲው ያለውን ዜማ በመጀመሪያው ክፍል ጨርሶታል። ከእረፍት በኋላ ያለው ሁልጊዜም ትራፊ ነው።»

«ትራፊ?» ደሜ ፈላ። የተናደድኩበትን ሰው «እርስዎ» ማለት አይሆንልኝም። «ስማ፣ ሰው ልቡ የሚሰበረው ከእረፍት በኋላ ነው። መጀመሪያውማ ሰላምታ ነው! አንተ ካልገባህ ትኬትህን ለሚገባው ስጥ።»

«ለአንቺ?»

«ለእኔ።»

እጄን አየ፤ በብርድ ቀልቷል። ከዚያ ፊቴን አየ። ዓይኑን አልነቀለም፤ እኔም አላቀረቀርኩም። የትኬቱን ቁራጭ መዳፌ ላይ አኖረው።

ትያትሩ አልቆ ስወጣ እዚያው ቆሟል። ትከሻው ላይ በረዶ ተከምሮበታል።

«ታገባዋለች፣ አይደል?» አለኝ።

«አታገባውም።»

«ዋሽተሻል!»

ሳንቲም ሲጨምሩበት ትንሿ የመስታወት በር ተከፍታ ኬክ የምትሰጥበት ምግብ ቤት ገብተን እሱ መጀመሪያውን ነገረኝ፤ እኔ መጨረሻውን። ኖርበርት ግሊክ ይባላል፤ በአንዲት ትንሽ የሙዚቃ መጽሔት ላይ ስለ አዳዲስ ሸክላዎች ይጽፋል።

«መድረክ ላይ የተዘፈነ በነጋታው የለም» አለ። «ብሮንክስ ያለችው እናቴ አንድም ቀን ትያትር ቤት አልገባችም። ዘፈኑን ሁሉ ግን ሳህን እያጠበች ትዘፍነዋለች። በምን አወቀችው? በሸክላ!»

«እናትህን ወድጃታለሁ፤ አንተን ገና ነኝ» አልኩት። ሳቀ።

ከዚያ ስለ መጨረሻው ዘፈን ነገርኩት። «ሙሽራዋ የመጨረሻውን ስንኝ ከመዝፈኗ በፊት ዝም ትላለች። ኦርኬስትራውም ዝም። አንድ ሺህ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ሸክላህ ላይ ያ ዝምታ የለም፤ ቆርጠው ጥለውታል።» እየነገርኩት ዕንባዬ መጣ። መሐረቡን አቀበለኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። እሱ መጀመሪያውን አይቶ ይወጣል፤ ቁራጩን ይሰጠኛል፤ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ እቀመጥበታለሁ። «ለጽሑፌ ደጋግሜ መስማት አለብኝ» ይለኛል፤ አመንኩት። ከዚያ ኬክ፣ ከዚያ ክርክር። እጄን ግን ይዞ አያውቅም። በየሳምንቱ «ምናለ ቢይዘኝ» እያልኩ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

በመጋቢት መጽሔቱ ወጣ። ኖርበርት እንዲህ ይላል፦ «‹የወደብ ሠርግ› ከመድረኩ ሸክላው ይበልጣል። ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ያለው ዝምታ ከልክ በላይ ረጅም ነው፤ ሸክላውን የቀረጹት ሰዎች ቆርጠው በማውጣታቸው ደግ አደረጉ።»

ያላየውን! ከአፌ የሰማውን፣ ያለቀስኩበትን! ያንኑ ዕለት ለአዘጋጁ ጻፍኩ፦ «ጸሐፊያችሁ በእረፍት ሰዓት ውልቅ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባላየው ነገር ይፈርዳል።» ስሜን ከሥሩ አሰፈርኩ። አተሙት። ኖርበርት አንድ ቃል አልመለሰም። በሚቀጥለው ወር በቦታው የሌላ ሰው ጽሑፍ ወጣ።

ማሸነፍ ይህን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ሄድኩ፤ የለም። ደወሉ ተደውሎ ስገባ ቦታ አሳዪዋ ወይዘሮ ዱሊ ክንዴን ያዙኝ።

«ኮት የለሽዋ! ያ ረጅሙ ጓደኛሽ የት ጠፋ?»

ክው አልኩ። «ያውቁኛል እንዴ?»

«ሰባት ዓመት ሙሉ? ማየት የተሳነኝ መሰለሽ? እሱንም አውቀዋለሁ። ረቡዕ ረቡዕ በቀኑ ትርዒት የመቆሚያ ትኬት ገዝቶ፣ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ እስከ መጨረሻው ያያል። ‹ታዲያ ቅዳሜ ለምን ትወጣለህ?› ብለው፣ ‹አንዲት ልጅ ደጅ ላይ እየተንቀጠቀጠች ነው› አለኝ።»

ያን ቀን ሁለተኛውን ክፍል አላየሁም። ኮቴንም ረሳሁት። በባቡር እናቱ ወደምትኖርበት ብሮንክስ ሄጄ፣ የግሊኮችን ቤት እየጠየቅኩ በራቸውን አገኘሁ። እናትየው እርጥብ ሳህን እንደያዘች ከፈተችልኝ። ከጀርባዋ ሸክላ ይዘፍናል።

«ደብዳቤ ጸሐፊዋ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ግቢ። ሾርባ አለ። ከበላሽ በኋላ እንጣላለን።»

ኖርበርት ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተነሣ።

«ለምን አልመለስክም?» አልኩት። «‹ረቡዕ ረቡዕ አየዋለሁ› ብትል ምን ነበረበት?»

«‹ቅዳሜስ ለምን ትወጣለህ?› ይሉኛል። ‹ቦታዬን ትኬት ለሌላት ሴት ልሰጥ› ልበል? ስምሽ እኮ ከደብዳቤው ሥር አለ። አለቆችሽ ቢያነቡትስ?»

«ሥራህስ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ዝምታው ግን እውነትም ረጅም ነው፣ ቴልማ። ስምንት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን ለቅሶ ነው።

ሰኞ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። እሱ ሙሉውን እንዳየ፣ ሰባት ዓመት ያለ ትኬት የገባሁት እኔ እንደሆንኩ ጽፌ፣ ስሜን እንደገና ከሥሩ አሰፈርኩ። አለቃዬ ጠርታ አንድ ሰዓት ሙሉ ገሠጸችኝ፤ አላባረረችኝም። ለኖርበርት ግን ቦታውን አልመለሱለትም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ትኬት ገዛሁ፤ ጎን ለጎን። ኮቴን ለብሼ፣ በዋናው በር፣ መብራቱ ሳይጠፋ ከኖርበርት ጋር ገባሁ። ወይዘሮ ዱሊ ትኬቴን ሲቀበሉኝ ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩት።

መጋረጃው ተገለጠ። መርከበኛው የልጅቷን ቀሚስ ረገጠ፤ እሷም መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ሰደበችው። ኮቴን ጉልበቴ ላይ ጨብጬ ሳቅኩ።

«እንዲህ ነው የተዋወቁት?»

«ነግሬሽ ነበር» አለ ኖርበርት።

«እንዲህ አድርገህ አልነገርከኝም።»

በእረፍቱ ሰዓት ሁለታችንም ከወንበራችን አልተነሣንም።

መጨረሻ ላይ ሙሽራዋ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች። ዝም አለች። ኦርኬስትራው ዝም አለ፤ አንድ ሺህ ሰው ዝም አለ። ያኔ የኖርበርት እጅ ከኮቴ ሥር ገብቶ እጄን ፈልጎ ያዘው። አልተያየንም።

የመጨረሻው ስንኝ ሲጀመር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አጭር ነው» አለኝ።