ስስ ነጠላ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ወርኃ መጋቢት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ባሕር ዳር በሯን ዘጋች። ወረርሽኝ ገባ ተብሎ መኪናው ቆመ፤ ገበያው ተበተነ፤ ከቁንዝላ የሚመጣውም ጀልባ ቀረ፤ በዘንባባው ጥላ ሥር ሰው ሲጠፋ ሐይቁ ወደ ከተማዪቱ የቀረበ መሰለ፤ ማለዳ ማለዳም ጉሙ ከደንገሉ ተነሥቶ እስከ ፋሲሎ ሰፈር እየዘለቀ፣ የተዘጋውን ደጅ ሁሉ ዳስሶ ይመለስ ነበር። ሰው ከሰው ይራቅ የሚለው ዐዋጅ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ይውላል፤ ሕዝቡም በየቤቱ ሆኖ እንደ ሕልም ያደምጠዋል።

በዚያ ሰሞን በፋሲሎ፣ በመሪጌታ መርስዔ ኀዘን ቤት አራስ ነበረች። የመሪጌታው ባለቤት ፅጌ ማርያም የበኩር ልጇን የተገላገለችው መንገድ ሊዘጋ ሲል ነው፤ ልትንከባከባት ከቁንዝላ ትመጣለች የተባለችው እናቷ ከሐይቁ ማዶ ቀረች፤ የቤቱም ሥልጣን በአማቷ በወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እጅ ሆነ። ወይዘሮዋ ደግ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን ከወረርሽኙ ይልቅ የሰው ዓይን ይፈራሉ። ስለዚህ ሕፃኑ ሊጠባ ሲል መጋረጃው ይወርዳል፤ እናትና ልጅ ጋቢ ይከናነባሉ፤ እርሳቸው ራሳቸው እንኳ ፊታቸውን አዙረው ይቀመጣሉ። ሕፃኑ ጥቂት ይስባል፤ ያለቅሳል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ይተኛል።

“እሰይ፣ ጠገበልኝ!” ይላሉ ወይዘሮዋ።

ጎረቤትም በአጥሩ ላይ “ወተትሽ ጣናን ያህል ይሁን” ብሎ መርቆ ያልፋል። ፅጌ ማርያም ግን የልጇ ጭን በእጇ ላይ ሲሳሳ ይታወቃት ነበር፤ ጡቷም ቆስሏል። ወተት የሌላት እናት እንዳትባል አፍራ ዝም አለች፤ ልጄ በጋቢው ውስጥ እንደ ጉሙ ተንኖ ይጠፋብኛል እያለች ግን ትፈራ ነበር።

አንድ ማለዳ መሪጌታ ሚስታቸው ስታለቅስ ሰምተው አላስቻላቸውም፤ በጤና ጣቢያ የምትሠራውን ጎረቤታቸውን ሲስተር ሰብለ ወንጌልን በአጥር ጠሩ። እርሷም እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ገባች።

“እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ልጁ ሲጠባ ልየው።”

“አይሆንም ልጄ። ዓይንሽ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ የአራስ ወጉ ነው። ደግሞስ ራቁ ተብሎ ታውጆ የለም?”

“ታውጇል፤ እኔም ራሴ ራቁ እያልሁ ስለፈልፍ ከረምሁ። ይኸ ግን ከሩቅ አይታይም።” ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። “ጋቢው ይነሣና ይኸን ያልብሱን። ዓይን ይከልላል፤ ብርሃን ግን ያስገባል። እኔም አብሬያት እገባለሁ።”

ወይዘሮዋ አመነቱ፤ የሕፃኑን ፊት አዩ፤ ከዚያም “በስመ አብ” ብለው ነጠላውን በሁለቱ ሴቶች ራስ ላይ በገዛ እጃቸው ዘረጉት።

ከነጠላው ሥር ያለው ዓለም ነጭ ነበር። የማለዳው ጮራ በድሩና በማጉ መካከል ሾልኮ በሕፃኑ ግንባር ላይ ይርገበገባል፤ የድምፅ ማጉያው ዐዋጅ ከሩቅ እንደ ዜማ ይሰማል። ፅጌ ማርያም ልጇ ሲጠባ ያየችው ገና ያን ጊዜ ነው።

“እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ?” አለች ሰብለ ወንጌል በዝግታ።

“ወተት የለኝም?”

“አለሽ። ልጁ ግን ከስቷል፤ የሚተኛው ጠግቦ ሳይሆን ደክሞት ነው። የሚይዘው ጫፉን ብቻ ነው፤ አንቺንም የሚያቆስልሽ ይኸው ነው። አፉን በደንብ ከፍቶ በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁሩን ጭምር ይጉረስ።” የሕፃኑን ሆድ ወደ እናቱ ሆድ አዞረችው፤ አገጩ ጡቷን ነካ። “ከዛሬ ጀምሮ ይሞላል ብዬ አልዋሽሽም። ቶሎ ቶሎ አጥቢው፤ የቀረውን አልበሽ በማንኪያ ስጪው። እስከ ማታ የሽንት ጨርቁን ካላረጠበ ሆስፒታል እንወስደዋለን፤ የመንገዱን ፈቃድ እኔ አስጨርሳለሁ። ወተትሽ ባይበቃው ሌላ ይጨመርለታል፤ ያን ጊዜም እናቱ አንቺው ነሽ።”

ፅጌ ማርያም እንባዋ ወረደ። “ሁሉም አይዞሽ አለኝ። የልጄን መክሳት ያየልኝ ግን አልነበረም።”

“በጨለማ ማን ያያል? ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።”

ያን ጊዜ ሕፃኑ ሲውጥ ተሰማ።

ቀኑን ሙሉ ቤቱ በጭንቀት ዋለ። ወይዘሮዋ ጨርቁን እየዳሰሱ ይመለሳሉ፤ መሪጌታም በደጅ ዳዊት ይደግማሉ። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እንደ ገና ዳሰሱ፤ እጃቸው ረጠበ። ወዲያው የልጅ ልጅ እንደ ተወለደላቸው ያህል እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤትም ከተማው የተከፈተ መስሎት እልል አለ፤ እልልታው ከአጥር አጥር እየዘለለ እስከ ሐይቁ ዳር ደረሰ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የታመመውን፣ የሞተውን፣ የተዘጋውንም መንገድ ይጽፋሉ፤ ይገባልም፤ ሰው ከሰው የራቀበት ዘመን ነበር ይላሉ፤ እውነት ነው። ያን ምሽት የሚያስታውሱ የፋሲሎ ሰዎችም በሐሰት ወሬ ተታለልን ብለው ይስቃሉ፤ የእልልታው ምክንያት አንድ እርጥብ ጨርቅ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ግን ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ አራስ አለች ሲባል ስስ ነጠላ ይዘው ይሄዳሉ፤ ገብተውም “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ይላሉ፤ ቀጥለውም፣ ገና ሳይቀመጡ፣ “በሉ ጨርቁን አሳዩኝ” ይላሉ።