ሦስተኛው ጥሪ

ይህ ነገር ሊነገር የሚገባው ይሁን አይሁን ብዙ አስቤበታለሁ፣ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ውስጡ ደም የለም፣ የሚያስጮህ ነገርም የለም፣ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ደግሞም እኔ እንዲህ ያለውን ከማያምኑት ወገን ነኝ፣ ልጅ ሆኜ ጓደኞቼ ስለ ጋኔን ሲያወሩ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ አሁንም ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ባዮሎጂ እወስዳለሁ፣ ምክንያት የሌለው ነገር የለም እላለሁ። ቢሆንም የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው፣ እናንተ ፍረዱ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ የሐበሻ ሱቆቹ ካሉበት በእግር ሃያ ደቂቃ ርቆ፣ ከፓርኩ ፊት ለፊት ባለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ነው፣ ኤሌቬተሩ በእጅ የሚሳብ የብረት መዝጊያ አለው፣ በየኩሽናው ግድግዳ ላይ ደግሞ ድሮ ወተት አዳዩ ከኮሪደር በኩል ጠርሙስ የሚያስገባባት ትንሽ በር አለች፣ የእኛዋ ከስንት ዘመን በፊት በቀለም ተለስና የታሸገች ናት። ሕንፃው ኮኦፕ ነው፣ ማለትም አንድ ባለቤት የለውም፣ ነዋሪዎቹ አክሲዮን ይዘው በጋራ ያስተዳድሩታል፣ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ከእነሱ የተመረጠ ቦርድ ነው።

የምኖርበት አፓርታማ ባለቤት እትዬ አስካለ ለእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ሚስ ሩት የሚባሉ አሜሪካዊት አሮጊት እዚያው ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት አስታመው፣ ሴትዮዋ ልጅ ስላልነበራቸው ሲሞቱ አወረሷቸው። እናቴ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ትሠራለች፣ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ነው የምትኖረው፣ ሶ እኔ ኮሌጅ ስጀምር እትዬ «ለኔም ሰው ይሁነኝ፣ ለሷም ማጥኛ» ብለው ወሰዱኝ።

እንግዳ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ቦርዱ ማጽደቅ ስላለበት ኢንተርቪው ተጠራሁ። ሸሚዝ ተኩሼ፣ የምናገረውን በወረቀት አጥንቼ፣ ሦስት ሰዎች ፊት ተቀምጬ ድምፅ የማላሰማ ልጅ መሆኔን ምዬ ተገዘትኩ። እትዬ ስንወጣ፣ «ለጋብቻ የተጠየቅሽ እኮ ነው የምትመስይው፣ ትንሽ ቢቆዩ ጥርስሽን ያዩ ነበር» ብለው ሳቁብኝ። ለነገሩ እውነታቸውን ነው፣ እኔ ሰው ቅር እንዳይለው የምፈራ ልጅ ነኝ፣ ስሜ ከተጠራ በሁለት እግሬ ሳልቆም አቤት የምል።

መጀመሪያ የሰማሁት በቀትር ነው። እትዬ ሁልጊዜ በቀትር የገለባ ባርኔጣቸውን አድርገው ፓርክ ይወርዱና ከመስኮታችን ትይዩ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ያን ቀን ግን መውጣታቸውን አላየሁም፣ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ እያጠናሁ ነበር፣ መጀመሪያ የኤሌቬተሩ መዝጊያ ሲንሿሿ ሰማሁ፣ ከዚያ ግድግዳው ውስጥ እንደ ማንኪያ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፣ ከዚያ በእትዬ ድምፅ «ብሌን! ብሌን!» ተባልኩ።

«አቤት እትዬ!» ብዬ ሮጥኩ። ክፍላቸው ባዶ ነው፣ አልጋው ተነጥፏል። በመስኮት ሳይ እትዬ ባርኔጣቸውን አድርገው ፓርክ ውስጥ ተቀምጠዋል። እመኑኝ፣ ያኔ እንኳ አልፈራሁም፣ ጎረቤት ነው አልኩ፣ እዚህ ሕንፃ ላይ ሌላ ብሌን እንደሌለች እያወቅሁ።

በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ተጠራሁ። ኤሌቬተሩን የሚጠግነው የሕንፃው ሠራተኛ ራሞን ነው፣ ስጠይቀው «አሮጌ ቤት ያወራል፣ አንቺ ዝም በይው» አለኝ። እትዬን የጠየቅኋቸው ምሳ ላይ ነው፣ ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ስንት ጊዜ ጠራሽ?»

«ሁለት ሁለት ጊዜ።»

«አቤት አልሽው?»

«አዎ፣ እርስዎ መስለውኝ።»

«ሁለተኛ እንዳትዪ። ሰው ከቸገረው ሦስት ጊዜ ይጣራል፣ ያ ግን ሦስተኛ የለውም። ሦስተኛውን ሳትሰሚ አቤት አትበዪ፣ እኔም ብሆን።»

«እርስዎም ቢሆኑ?»

«እኔም ብሆን አልኩሽ እኮ!»

«እርስዎንም ይጠራዎት ነበር እንዴ?»

«እኔንማ በእንግሊዝኛ ነበር» አሉና ትንሽ ሳቁ፣ «በሚስ ሩት ድምፅ፣ እሳቸው አጠገቤ ተኝተው እያንኮራፉ። ብዪ ብዪ፣ ምሳሽ ቀዘቀዘ።»

እኔ ደግሞ የተነገረኝን አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ በቀትር ስጠራ እስክሪብቶዬን አቁሜ እቆጥር ነበር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ወደ ጥናቴ። ይለመዳል፣ ማንም ሰው ይለምደዋል። አንድ ቀን ብቻ ያቺን የወተት በር ቀና ብዬ ሳያት የታሸገችበት ቀለም ዙሪያውን ተሰንጥቆ አየሁ፣ ቤቱ እያረጀ ነው ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ዕለት ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማስረከብ ነበረብኝ፣ እትዬ «ወረድኩ እንግዲህ» ብለው ወጡ፣ የኤሌቬተሩን መዝጊያ ሰማሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ብሌን!» ተባልኩ፣ ትንሽ ቆይቶ «ብሌን!»። ድምፁ ያን ቀን ዝቅ ያለ መሰለኝ፣ ወይም አሁን ሳስበው ነው የመሰለኝ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ለማንኛውም ብዬ ተነሥቼ በመስኮት አየሁ፣ የገለባ ባርኔጣው ወንበሩ ላይ ነው፣ ከሥሩ ሰው አለ፣ ነጭ ነጠላውን አያለሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩና ጽሑፌን ጨረስኩ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ።

ለምሳ ልጠራቸው ወደ መስኮት ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። በር ሲከፈት ባልሰማም መጥተው ይሆናል ብዬ ክፍላቸውን ከፈትኩ። አልጋውና ግድግዳው መካከል ወድቀዋል፣ ነጠላቸው አንገታቸው ላይ ተጠምዟል፣ ባርኔጣው ከራሳቸው አልወለቀም። ዓይናቸው ተከፍቶ በሩን ያያል።

ለአምቡላንስ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ፣ አድራሻውን ሁለት ጊዜ በትክክል ተናገርኩ፣ አላለቀስኩም። ሆስፒታል ዶክተሯ ስትሮክ ነው አለች፣ ቶሎ ቢደረስ ኖሮ ጥሩ ነበር አለች። «ጠርተውኝ ነበር» አልኳት። እሷ ግን የተመታው የንግግር ቦታ ነው፣ ከወደቁ በኋላ ስም ጠርተው ሊሆን አይችልም አለችኝ፣ ልታጽናናኝ ይመስለኛል። ወይ ጥሪው የእሳቸው ነበር፣ ወንበሩ ላይ ያየሁት ሌላ ነው፣ ወይ ሁለቱም እሳቸው አልነበሩም። ይህን የባዮሎጂ አስተማሪዬን አልጠየቅሁም።

እትዬ አረጋውያንና ሕሙማን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ገቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር እንሄዳለን። አይናገሩም፣ ግን እኔ ስገባ ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ሁለት ጣት ያነሣሉ። ሌላ ሰው ሲገባ አያነሡም። ነርሷ ጡንቻው በራሱ ሲኮማተር ነው ትላለች። እናቴ፣ «ፒስ እያሉሽ ነው እኮ ልጄ፣ አንቺም መልሺላቸው» አለችኝ፣ እኔም ሁለት ጣቴን አነሣሁ፣ እሳቸው ግን እጃቸውን አላወረዱም። ሁለቴ ጠራሁሽ ማለታቸው ይሁን፣ ሁለት ነው አቤት አትበዪ ማለታቸው፣ አላውቅም።

ቤቱ ውስጥ ለብቻዬ ቀረሁ። በየቀትሩ መጠራቴም አልቀረም፣ እትዬ ነርሲንግ ሆም ተኝተው በእትዬ ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ። አሁን ግን እመልስ ነበር፣ በመጀመሪያውም አቤት፣ በሁለተኛውም አቤት፣ እየሮጥኩ ክፍላቸውን እከፍታለሁ፣ አልጋው ተነጥፏል። ለእናቴ ስነግራት፣ «አትመልሺ አሉሽ፣ አልመለስሽም፣ አሁን ለማን ነው የምትመልሺው?» አለችኝ።

ከዚያ የቦርዱ ደብዳቤ መጣ፣ የቤቱ ባለቤት ከሌሉበት እንግዳ መቆየት አይችልም ይላል፣ በጣም ትሑት ደብዳቤ ነው፣ እኔም በትሕትና እሺ ብዬ መለስኩ። የወጣሁ ቀን ራሞን ካርቶኖቼን ተሸከመልኝ። ቤቱን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ሰጠሁት፣ ኤሌቬተር ውስጥ ገባን፣ መዝጊያውን ሳበ፣ መውረድ ጀመርን።

«ብሌን!»

ወለሉን አየሁ።

«ብሌን!»

ራሞን ቀና አለ። እኔ እቆጥር ነበር።

«ብሌን!»

ራሞን ማቆሚያውን ተጫነ፣ ኤሌቬተሩ በሁለት ፎቅ መካከል ቆመ። «ሌዲዋ ናት» አለኝ በሹክሹክታ፣ ፊቱ ነጭ ሆኗል፣ «ሦስት ጊዜ ጠራችሽ። ልመልስሽ?» ቁልፉን ዘረጋልኝ። ይህን ሁሉ ሳምንት የጠበቅሁት ሦስተኛውን ጥሪ ነበር፣ አፌ ውስጥ አቤት የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ነበር።

«እኔን አይደለም» አልኩት።

«ብሌን ነው እኮ ያለችው።»

«ሌላ ብሌን ናት። እናቴ ታች እየጠበቀች ነው፣ እንውረድ።»

ትንሽ አየኝና ጣቱን ከማቆሚያው አነሣ። ወረድን።

በማግስቱ ቅዳሜ ነርሲንግ ሆም ሄድን። እትዬ ነቅተው ነበር፣ ስገባ አዩኝ፣ እጃቸው ግን ከብርድ ልብሱ አልወጣም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፣ ከዚያ ወዲህም ስገባ እንደዚያው ናቸው። ነርሷ ጡንቻው ደክሟል አለች። እኔንም ከዚያ ኤሌቬተር ወዲህ በቀትር የጠራኝ የለም፣ ያ የወጣሁበት ዕለት ዓርብ ነበር፣ ኅዳር 12 ቀን።