አፍህን ክፈት

የጥርስ ሐኪሙ መርማሪውን የሰደበው ባለፈው ክረምት፣ ሰኞ ጠዋት፣ በፖሊስ ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ፣ ባልደረቦቹ ሁሉ ተሰልፈው እያዩ ነው። ነፃ የጥርስ ምርመራ የተባለ ቀን ነበር። ሐኪሙ «አፍህን ክፈት» አለው፤ በትንሿ መብራት አየና ጭምብሉን ወደ አፍንጫው ሳብ አድርጎ፣ «ይሄ አፍ ነው ወይስ የተደፈነ ቦይ?» አለ። ሰልፈኛው አውካካ። ሐኪሙ ቀጥሎ ስለ ድድና ስለ ልብ የሆነ ነገር ተናግሯል፤ መርማሪው ግን ከሳቁ ወዲያ የሰማው የለም። ከዚያች ሰኞ ጀምሮ ጣቢያው ውስጥ ስሙ «ቦዩ» ሆኖ ቀረ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነውና የስድብ መልስ ቶሎ አይመጣለትም። ያን መልስ ዓመት ሙሉ ሲያብላላው ከረመ።

ስለዚህ አለቃው ጠርቶ፣ «የስፌት ቤቷ ባለቤት ሞታለች። ጥርሷን የነቀለው ሐኪም ገደላት ይላሉ፤ ሂድና አጣራ» ሲለውና ሐኪሙ ያው የሰደበው ሰው መሆኑን ሲሰማ፣ ኮቱን አንስቶ ፈጥኖ ወጣ።

ሟቿ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አልጋዋ ላይ ተጋድማለች። አንገቷ ከአገጯ ሥር ጀምሮ አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል። የፖሊስ ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ነበር።

«የጥርሱ ኢንፌክሽን ወደ አንገቷ ወርዶ ደሟ ውስጥ ገብቷል» አለች። «ስኳር ስላለባት ደግሞ ተፋጥኗል።»

«እንግዲያው ጥርሷን የነቀለው ሐኪም ጥፋት ነው?»

«የተነቀለበት ቦታ ንጹሕ ነው። የገረመኝ ሌላ ነው፤ አንቲባዮቲክ የወሰደች ሰው አትመስልም።»

መርማሪው ዙሪያውን አየ። መስኮቱ ሥር የጥርስ ብሩሽ በብርጭቆ ቆሟል፤ ፀጉሩ አልተበጣጠሰም። አጠገቡ የስኳር መድኃኒቷ አለ፤ ከሱ ቀጥሎ ጥርሷ ሲነቀል የታዘዙላት ካፕሱሎች።

«መድኃኒቱን ማን ይሰጣት ነበር?»

«እኔ፣ በእጄ» አለች ልጇ። ዓይኗ ከአልጋው አልተነሳም። «አንድም ቀን አላለፋትም። እማዬ ጥርሷን እንደ ስፌት መኪናዋ ነበር የምትጠብቀው፤ ስኳር ድድ ይበላል ብለዋት። ሲብስባት ሆስፒታል እንሂድ ስላት፣ መድኃኒቱ ሥራውን ይሥራ፣ ታገሺ አለችኝ። ታገስኩ።»

በሩ ተበረገደ። የገባው የሟቿ ወንድም ነው፤ ደረተ ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ሰፈርተኛው «አንበሴ» የሚለው።

«እሷን ምን ትጠይቃታለህ? ገዳዩ ክሊኒኩ ውስጥ እግሩን አንፈራጦ ተቀምጧል። በቆሻሻ ጉጠት ነቅሎ ጨረሳት። ያ ክሊኒክ ካልተዘጋ እኔ ወንድ አይደለሁም።» ከማቀዝቀዣው ውሃ አውጥቶ በቁሙ እስከ ታች ጨለጠው።

መርማሪው ከቀሩት ካፕሱሎች አንዱን አነሳ። የካፕሱሉ ቀፎ ዳር ተጨርምቷል፤ ተከፍቶ የተገጠመ ነው። ከፍቶ ዱቄቱን በምላሱ ነካ አደረገ። ያን መድኃኒት በደንብ ያውቀዋል፤ እንደ ሬት የሚመር ነው። ይሄኛው አልመረረም። ሌሎቹንም ከፈተ፤ ያው ናቸው። የስኳሩን መድኃኒት ገልብጦ አየ፤ እሽጉ እንዳለ ነው።

ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ወጥቶ ዱቄቱን ጥቁር ጨርቅ ላይ አሸት አደረገው። ነጭ መስመር ቀረ።

«ልብስ የምናሰምርበት ጠመኔ ነው» አለች የቤቱ ተቀጣሪ ልብስ ሰፊ፣ ከመኪናዋ ቀና ብላ። ወዲያው ከየት እንደመጣ ገባት። «ጌታዬ፣ ጠመኔ እዚህ ቤት የማይነካው ሰው የለም። እኔ የልጆች እናት ነኝ።»

«ማን ነካሽ? ይልቅ እትዬ ሰሞኑን ከማን ጋር ተጣሉ?»

«እሳቸው? ከማንም። ከወንድማቸው ጋር ብቻ ይጎነታተሉ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቶ፣ በፎጣ ጠምጥሞት፣ ብርድ መታኝ ይላል። ውሃ እንኳ ለብ አድርጊልኝ ይለኝ ነበር። እትዬ ‹አንበሴ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር አይበላህም፤ እጅህን እይዝልሃለሁ› ብለው ሲስቁበት በሩን አላግቶ ወጣ።»

መርማሪው ካፕሱሎቹን ኪሱ ከቶ ወደ ጣቢያው ሲመለስ፣ ደረጃው ላይ እንደ ልማዱ ትንፋሽ አጠረውና ቆመ። እግሩ ሥር የጎርፍ መውረጃ አለ። ቢጥላቸው ያየ አይኖር። አንበሴ ይጮሃል፣ ክሊኒኩ ይታሸጋል፣ ያ ሰው ከእንግዲህ ሰው ፊት ቆሞ የማንንም አፍ ቦይ አይልም። እጁን አወጣ። ካፕሱሎቹ መዳፉ ላይ ቆዩ። «ታገስኩ» ያለችው ልጅ ድምፅ ግን ከጆሮው አልወጣ አለ። መልሶ ኪሱ ከተታቸው።

በማግስቱ ሁሉንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ሐኪሙ በደንበኛ ወንበር ላይ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ እጆቹን ጭኑ መሀል ቀብሮ ተቀምጧል። አንበሴ ስፌት መኪናውን ተደግፎ ቆሟል።

«ሟቿ መድኃኒት ብላ በሰዓቱ የዋጠችው ጠመኔ ነው» አለ መርማሪው።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ሸፈነች።

«አንቺን አላልኩም። ጠመኔውን ማን ከተተው ብዬ ብነሳ አንቺ ጋ እቆም ነበር። እኔ የጠየቅሁት መድኃኒቱን ማን አወጣው ብዬ ነው። ሊገድላት የፈለገ ቢሆን የስኳር መድኃኒቷ አጠገቡ ነበር። አልነካውም። የፈለገው ዱቄቱን ነው። ጥርሱን የሚያመው፣ ወንበሩን ደግሞ የሚፈራ ሰው፣ ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ጥርሱ ላይ ይነሰንሳል። ቀፎው ግን ባዶውን ይቀራል። ባዶ ቀፎ ያሳብቃል፤ ስለዚህ እጁ ያገኘውን ጠመኔ ሞላበት።»

«እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል» አለ ሐኪሙ። «አንተ እንዴት አወቅህ?»

መርማሪው አላየውም። «ባለፈው ሳምንት እዚህ ቤት ጉንጩ ያበጠ፣ ውሃ ለብ የሚደረግለት ሰው ነበር። ትናንት ግን ፊቴ ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ጨለጠ። ጥርሱን ያልተነቀለ ሰው በምን ዳነ?»

«ብርድ ነበር አልኩ እኮ» አለ አንበሴ።

«እንግዲያው ቀላል ነው። ዶክተሩ ይዩልን። ጋሼ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

ሐኪሙ ተነስቶ ትንሿን መብራት ከኪሱ አወጣ። አንበሴ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከግድግዳው ተጋጨ። ያ ሁሉ ደረት ተጨማዶ፣ አፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሕፃን ራሱን ነቀነቀ።

«አታስነካኝ» አለ በጣቶቹ መሀል። «ግማሹን ጥርሴ ላይ አደረግሁት፣ ግማሹን ዋጥኩት። ብለምናት ትሰጠኝ ነበር። ግን ትስቅብኛለች። ያንን ሳቋን ፈርቼ ነው። ይሄን ያህል ያመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሲብስባትስ?» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። «ታገሺ ስትለኝ አጠገባችን ቆመህ ነበር። ያኔ አላወቅህም?»

አንበሴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅቷም ጋሼ አላለችውም።

አንበሴን ይዘውት ሲሄዱ መርማሪው ወደ ውጭ ወጣ። ሐኪሙ ከኋላው ደረሰበት።

«ክሊኒኬን፣ ስሜን፣ ሁሉን አተረፍክልኝ። ምን እንደምል አላውቅም።» ፊቱን አተኩሮ አየው። «ከዚህ በፊት ተገናኝተናል እንዴ?»

ዓመት ሙሉ የተብላላው መልስ መርማሪው ምላስ ጫፍ ላይ መጣ። ሐኪሙ ግን ቀረብ ብሎ ነበርና ፊቱ ተለወጠ።

«አትቀየመኝ» አለ። «ይሄ የአፍህ ሽታ ደህና አይደለም። ድድህ ይደማል? ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥርሃል? እሷን ያየሃት አንተ ነህ፤ ጥርስ ውስጥ የተጀመረ ጥርስ ውስጥ አይቀርም። ነገ ጠዋት ና፤ እኔው አይሃለሁ።»

መርማሪው ምላሱን ወደ ታችኛው መንጋጋው ላከ። ጥርሱ ተነቃነቀ፤ ጨው ጨው የሚል ነገር አፉ ውስጥ ፈሰሰ። ዋጠው። የኮቱን ኮሌታ እስከ አፉ አነሳና፣ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ።