የሞግዚቷ ፊርማ

ወገኖቼ፣ ልጅ የሚበደለው በክፉ ሰው እጅ ሲወድቅ ብቻ ነው ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ የገርጂዋን ምንትዋብን ጉዳይ ስሙኝ። ምንትዋብ ክፉ ሴት አይደለችም። ጎረቤቶቿን ጠይቁ፤ የታመመ ቀድማ የምትጠይቅ፣ ለቅሶ የማትቀር፣ ሰው አስቀይማ የማታድር ሴት ናት ይሏችኋል። ጉድ የሠራት ታዲያ ይኸው ሰው ማስቀየም አለመውደዷ ነው።

ምንትዋብ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ከሦስት ዓመት በፊት ታናሽ እህቷ ብሩክታይት በድንገት ታማ ስታርፍ፣ በቀብሯ ዕለት ሰው ሁሉ እየሰማ «ከእንግዲህ እናቷ እኔ ነኝ» ብላ የአሥራ ሦስት ዓመቷን የእህቷን ልጅ ሄኒን አቀፈቻት። የሄኒ አባት ልጅቷ ገና ድክድክ ስትል ነበር የሞተው። ፍርድ ቤቱም የምንትዋብን ሞግዚትነት አጸደቀ፤ ልጅቷም ሻንጣዋን ይዛ አክስቷ ኮንዶሚኒየም ገባች። እስከዚህ ድረስ ምንትዋብን የሚወቅስ ካለ እኔ አብሬው አልቆምም።

ብሩክታይት ለልጇ ትታ ያለፈችው ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የኪራይ ሱቅ ነው። የምረቃ ጋዋን ይሰፋበታል፣ ይከራይበታል። ሁለት የስፌት መኪና፣ ግድግዳ ሙሉ ጋዋን፣ ጋሽ ሐዱሽ የሚባሉ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፤ ሀብቱ ይኸው ነው። ሄኒ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቦርሳዋን እንዳዘለች ወደዚያ ትሮጣለች። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ሱቁን የምትመራው እሷ ነበረች ቢባል ማጋነን አይደለም። ለመዋዕለ ሕፃናት ተመራቂዎች ትንንሽ ጋዋን እናሰፋ ያለችው እሷ ናት፤ ትእዛዙን በቴሌግራም የምትቀበለው፣ ሜትር ይዛ የሕፃናቱን ትከሻ እየዞረች የምትለካው እሷ ናት። ጋሽ ሐዱሽ እንኳ አንድ ጨርቅ ከመቅደዳቸው በፊት «ሄኒ ምን አለች?» ይሉ ነበር።

ነገር ግን ሄኒ ልጅ ናት። ውል መፈረም፣ ከባንክ ማውጣት፣ ፈቃድ ማሳደስ አትችልም። ሁሉም የምንትዋብን ፊርማ ይጠብቃል። ምንትዋብ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ይህ ነገር ደስ ይላታል። «እኔ ሳልፈርም የት ትደርሻለሽ!» እያለች ትቀልድ ነበር። ሄኒም መጀመሪያ መጀመሪያ አብራት ትስቅ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። ምንትዋብ በሥራዋ የተማረችው አንድ ዘዴ አለ። አለቃ የማይወደው ጉዳይ ሲመጣ ባለጉዳዩን እምቢ አይሉትም፤ ወረቀቱን ከክምሩ ሥር ያስገቡና «እየታየ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በል» ይሉታል። ሰውየው ተመላልሶ ተመላልሶ ሲሰለቸው ይተወዋል። ማንም አልተጣላ፣ ማንም አልተሳደበ። ይህንን ዘዴ ምንትዋብ ሳታውቀው ቤቷ ይዛው ገባች።

ሚያዝያ ላይ የሱቁ ባለቤት አቶ አብዱልሐሚድ አዲሱን የኪራይ ውል ለሄኒ ሰጧት። ሌላ ፈላጊ እንዳለ ነገር ግን የሟቿን ልጅ ማስቀደም እንደሚፈልጉ፣ እስከ ግንቦት አሥራ አምስት ተፈርሞ ካልመጣ ግን ለሌላው ለመስጠት እንደሚገደዱ በደንብ አስረዷት። ሄኒ ውሉን ለአክስቷ አስረከበች። ምንትዋብ አነበበችው፤ ሱቁ የልጅቷን ትምህርት እየበላው ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ቢቀር ይሻላል ብላ በልቧ ወሰነች። ይህንን ለልጅቷ መንገር ነበረባት። አልነገረቻትም። ወረቀቱን ከልብስ ቁም ሣጥኗ ሥር አስገብታ «አይቼዋለሁ፣ ይቆይ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ዕረፍት አጣ። ሄኒ ጠዋት «እቴቴ፣ ፈረምሽው?» ትላለች፣ በምሳ ሰዓት ትደውላለች፣ ማታ ፊቷን እያየች ትዞራለች። ምንትዋብ ዛሬ ስብሰባ ነበረብኝ፣ ነገ መነጽሬን ላሠራ፣ ቀኑ ገና ነው ትላለች። አቶ አብዱልሐሚድ ሲደውሉ ስልኩ እስኪዘጋ ታየዋለች። እሷም ቢሆን አልተመቻትም፤ ወጥ ታሳርራለች፣ ታክሲ ላይ መውረጃዋን ታልፋለች። ግንቦት አሥራ አምስት እንዲህ ሆኖ አለፈ።

ሰኔ ሲገባ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር። ጋዋኖቹ በፌስታል በፌስታል ታስረው ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው የምንትዋብ ቤት ወጡ፤ አልጋ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ ደረጃው ላይ ተከመሩ። ጎረቤት መተላለፊያ አጣን ብሎ አጉረመረመ። የስፌት መኪናዎቹ ዝናብ እንዳይመታቸው ላስቲክ ለብሰው በረንዳ ላይ ቆሙ። ጋሽ ሐዱሽ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ሌላ ሰው ዘንድ ተቀጠሩ። ሠላሳ አራት ሕፃናት ልታስመርቅ ያዘዘች መምህርት ሱቁ ደጃፍ መጥታ አዲሱን ሰውዬ ስታይ ለሄኒ ደውላ በስልክ አለቀሰችባት። ትእዛዙ የተቀበለው በሄኒ ስም ነበርና ኀፍረቱም የሄኒ ሆነ።

ልጅቷ አልጮኸችም። ፌስታሎቹ መሀል ቁጭ ብላ ለአክስቷ እንዲህ አለቻት። «እቴቴ፣ እምቢ ብትይኝ ኖሮ እለምንሽ ነበር። ሽማግሌ እልክብሽ ነበር። አንቺ ግን እምቢም አላልሽኝም። ዝም ብለሽ ቀኑን አሳለፍሽብኝ።»

ምንትዋብ ለአንቺው ብዬ ነው አለቻት። ሄኒ ግን ሌላም ነገር ነበራት። ትምህርት ቤታቸው ባለው የሕግ ክበብ ውስጥ፣ ልጅ ዐሥራ ስምንት ሳይሞላውም ፍርድ ቤት ከሞግዚት አስተዳደር ነጻ ሊያወጣው እንደሚችል ሰምታለች። ነጻ ወጥቼ በራሴ ልኖር ነው፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያዘኝም አለች። አያችሁ፣ እሷም ነገሩን የያዘችው በግማሹ ነበር።

ምንትዋብ ክው አለች። ጎረቤቷ ገንዘቤ ይህንን ስትሰማ ደግሞ ባሰባት፤ ገና በዚህ ዕድሜዋ ፍርድ ቤት የምትሄድ ልጅ ወይ ልታገባ ነው፣ ወይ አሳዳጊዋን ልትክድ ነው ብላ አረፈችው። ያንን ሌሊት ምንትዋብ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ ነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት አንድ ቢሮ ሄደች። የሄደችው ልጅቷን እንዴት እንደምታስቆማት ለመጠየቅ ነው።

የሕግ ባለሙያዋ ሉሊት የምትባል ወጣት ነበረች። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጠችና ውሉን ለምን እንዳልፈረመች ጠየቀቻት። ለትምህርቷ ብዬ ነው አለች ምንትዋብ። ታዲያ ይህንን ለልጅቷ ለምን አልነገሯትም ስትላት ግን ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች።

«ወይዘሮ ምንትዋብ፣» አለች ሉሊት፣ «ሞግዚትነት የልጅቷን ጥቅም እንዲጠብቁ የተሰጠዎት ኃላፊነት ነው። ሕጉ ዐሥራ አራት ዓመት ያለፈው ልጅ፣ ለራሱ የሚበጀው መሆኑን ፍርድ ቤት ሲያምንበት፣ ከሞግዚት አስተዳደር ነጻ እንዲወጣ ይፈቅዳል። ራሱን ስለመጠበቅና ንብረቱን ስለማስተዳደር እንደ አዋቂ ይቆጠራል። በዕድሜ ብቻ የሚፈቀዱ ሌሎች ነገሮች፣ እንደ ምርጫ ያሉት፣ ዕድሜያቸውን ይጠብቃሉ። ማመልከቻውን ሞግዚቷ እርስዎም ማቅረብ ይችላሉ።»

«በገዛ እጄ ላባርራት?»

«ማባረር አይደለም። የሚቀረው የሞግዚትነት ፊርማዎ ነው። አክስትነቱን ፍርድ ቤት አልሰጠዎትም፤ ሊወስድብዎትም አይችልም።»

ሉሊት ሄኒንም ለብቻዋ አስጠርታ አነጋገረቻት። ነጻነት ሲባል ማታ የት አመሸሽ የሚል ሰው ማጣት እንዳልሆነ ነገረቻት። የምትፈርሚው ውል ያስርሻል፣ ኪራዩ ቢዘገይ የምትከሰሺው አንቺ ነሽ፣ ጨርቅ ነጋዴው ቢያታልልሽ ልጅ ነኝ ብለሽ ውሉን አታስፈርሺም፣ ከኋላሽ ሆኖ የሚፈርምልሽ የለም አለቻት። ሄኒ ስትገባ ፈገግ ብላ ነበር፤ ስትወጣ ግን እጇን ኪሷ ከታ አንገቷን ደፍታ ነው። እስከ መገናኛ በእግሯ ሄደች።

ምንትዋብ ግን ገና አልቆረጠችም። አንድ ሳምንት ሙሉ በሆዷ ስታብሰለስል ቆየች። ሰኞ ዕለት መሥሪያ ቤቷ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ለስድስተኛ ጊዜ ነው። ፋይላቸው ከክምሩ ሥር እንዳለ ታውቃለች፤ ያስገባችው እሷ ናት። «እየታየ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ቀደሟት። «ልጄ፣ የሚሆን ካልሆነ አይሆንም በይኝና ልረፍ። እኔን የገደለኝ መመላለሱ ነው» አሏት።

የምንትዋብ ዓይን እንባ ሞላ። ፋይሉን ከሥር መዝዛ አወጣች፣ ጉዳያቸው የማይፈቀድበትን ምክንያትና አቤት የሚሉበትን ቦታ ቁጭ አድርጋ ነገረቻቸው። ሽማግሌው መርቀዋት ሄዱ። በምሳ ሰዓት ሉሊት ቢሮ ሄዳ ማመልከቻውን በራሷ ስም አጻፈች።

ችሎቱ ላይ ዳኛዋ የሄኒን የትምህርት ውጤት አዩ፣ የሱቁን ትእዛዞች አዩ፣ ጋሽ ሐዱሽን ሰሙ። ሄኒን ብዙ ጠየቋት፤ አንዱን ጥያቄ አላውቅም ብላ መለሰች፣ አላውቅም ማለቷንም ዳኛዋ መዘገቡት። በመጨረሻ ሞግዚቷ ይህንን ለምን እንደጠየቀች እንድታስረዳ ምንትዋብን አስነሷት።

«ክብርት ዳኛ፣» አለች ምንትዋብ፣ «ይህች ልጅ እናቷ የተወችላትን ሥራ ሦስት ዓመት ይዛ ቆይታለች። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የፈራሁትን ነገር ነግሬያት እንድትከራከረኝ ማድረግ ሲገባኝ፣ ደብቄባት ቀኑን አሳለፍኩት። ልጅ ነች እያልኩ እንደ ልጅ የሆንኩት እኔ ነበርኩ።»

ፍርድ ቤቱ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሄኒን ከሞግዚት አስተዳደር ነጻ አወጣት። ገንዘቤ ልጅቷ ሻንጣዋን ስታወጣ ለማየት በሯን ገርበብ አድርጋ ሰነበተች ይባላል። ምንትዋብም ብትሆን በየቀኑ ከሥራ ስትገባ የሄኒን ክፍል ባዶ አገኘዋለሁ ብላ ስትፈራ ነበር። ሄኒ ግን የትም አልሄደችም። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ለሥራዋ ቤት ፍለጋ፤ እዚያው ገርጂ አንዲት ጠባብ ሱቅ አገኘች።

ቅዳሜ ዕለት ውሉን ይዛ መጣች። ምንትዋብ በልማድ እስክሪብቶ ልታነሳ እጇን ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ፊርማው የኔ ነው፣» አለች ሄኒ አጠገቧ እየተቀመጠች። «አንቺ አንብቢልኝና የሚያስፈራ ነገር ካለው ንገሪኝ። ብቻ እቴቴ፣ ሁሉንም ንገሪኝ።»

ምንትዋብ መነጽሯን አድርጋ ሦስት ጊዜ አነበበችው። አራተኛው አንቀጽ ላይ አከራዩ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ማስወጣት ይችላል ይላል። ይህ ነገር እንዳላማራት ነገረቻት። ትምህርቷም እንደሚያሰጋት፣ ባለፈው ውሉን የደበቀችባት በዚሁ ፍርሃት እንደነበር፣ አሁንም ፍርሃቱ እንዳልለቀቃት ሳትሸሽግ ነገረቻት። ሄኒ መልሳ ተከራከረቻት፤ ሻይ ቀዝቅዞ እስኪረሳ ድረስ ተከራከሩ። ልጅቷ በዚያ ቀን አልፈረመችም። አንቀጹን አስቀይራ፣ ሱቁን ከትምህርት በኋላና ቅዳሜ ብቻ ልትከፍት ራሷ ወስና፣ ማክሰኞ ፈረመች።

ወገኖቼ፣ በእጃችሁ የልጅ ወረቀት ያለ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት። የምትፈርሙ ከሆነ ፈርሙ። የማትፈርሙ ከሆነ ግን ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ለምን እንደማትፈርሙ ዓይኑን እያያችሁ ንገሩት።