ጀርባቸውን የሰጡት ፈታኝ

የግጥም መምህርቷ የሞቱት በፈተና ቀን ነው። ሞት ቀን አይመርጥም ይባላል፤ ቢመርጥ ኖሮ ይቺን ቀን ይተውላቸው ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሚለፉት ለእሷ ነበርና።

አስከሬኑ የተገኘው ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ መድረክ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሩ በጎኑ ወድቋል፤ ከፍ ያለው መስኮት ተከፍቷል፤ እሳቸው ከብረቱ ቁም ሣጥን ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል። ግራጫው ሻሻቸው እንደ ወትሮው ራሳቸው ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀምጧል።

«መስኮቱን ሊዘጉ ወንበር ላይ ወጥተው ወደቁ» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ መርማሪዋ ገና ደጃፉን ሳታልፍ። «አደጋ ነው። ተማሪዎቹ ሳይረበሹ ነገሩ ቶሎ ቢያልቅ ደስ ይለኛል።»

«እኔም ደስ ይለኝ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ጌታዬ።»

ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ ገለባውን ታስቀራለች ለማለት ነው። አጭር ሴት ናት፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ሲያናግራት መሬት መሬት ስለምታይ ብዙዎች የምትሰማቸው አይመስላቸውም። ተንበርክካ ሻሹን ቀስ ብላ ፈታችው። የመምህርቷ ጭንቅላት ከኋላ ተሰንጥቋል፤ ሽበታቸው በደረቀ ደም ተጣብቋል። ሻሹን ገልብጣ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ንጹሕ ነው። ከዚያ ገላቸውን በጥቂቱ አዘነበለችና ከሹራባቸው ጀርባ አንዲት የምታብለጨልጭ ቅንጣት በጥፍሯ አነሳች። ከመድረክ ቀሚስ ላይ የሚረግፍ ዓይነት ነው። መሀረቧ ውስጥ ቋጠረችው።

ትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹን በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚፈትነው በሦስት መንገድ ነው። ጠዋት መድረክ ላይ ድራማ ይጫወታሉ፤ ፈታኛቸው የድራማ መምህሩ ነው። ከቀትር በኋላ ክፍላቸው ተቀምጠው ስለ አንድ አጭር ልቦለድ ይጽፋሉ፤ ይህ የወጣቷ መምህርት ድርሻ ነው። እየጻፉ ሳሉም አንድ በአንድ እየተጠሩ ወደዚች ጠባብ ክፍል ይመጡና አንድ ግጥም በቃላቸው ይላሉ። ሦስቱንም ያላለፈ ዩኒቨርሲቲን የሚያያት በአጥር ነው።

የግጥም መምህርቷ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ተማሪው ሲገባ ፊታቸው ወደ መስኮቱ፣ ጀርባቸው ወደ በሩ ነው። የሹም ልጅም ሆነ የዘበኛ ልጅ ለጆሮ አንድ ነው ይሉ ነበር። ከወንበሩ ረጅም መደገፊያ በላይ የሚታየው ሻሻቸው ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ «ጀምር» ይላሉ፤ ሲያበቃ «አመሰግናለሁ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ተማሪው ስንኙ ቢጠፋበት እንኳ ትንፍሽ ሳይሉ ይጠብቁታል። ተማሪዎቹም «እትዬ ዝምታ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ውጤቱን የሚጽፉት ሁሉም ካበቃ በኋላ ነው። ዛሬ አልጻፉትም።

አስከሬኑን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር።

«ሻዩን ያመጣው ማነው?» አለቻት መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ። በምሳ ሰዓት። ለጉሮሯቸው ነው፤ አንድ ልጅ በወጣ ቁጥር ፉት ይላሉ።»

«ስታመጪላቸው ምን ይሠሩ ነበር?»

«አልነበሩም። እጃቸውን ሊታጠቡ የሄዱ መስሎኝ አስቀምጬ ወጣሁ። ሻሻቸው ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ቀትር ላይ ስለሚሞቃቸው ያወልቁታል።»

መርማሪዋ ብርጭቆውን አየችው። እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ከፈተናው በኋላስ ወደዚህ የመጣ ሰው ነበር?»

ሴትዮዋ በመጥረጊያዋ እጀታ ላይ ጣቶቿን አጥብቃ ያዘች። «እኔ ሰው አላማም። ወጣቷ መምህርት በሩን ስታንኳኳ አይቻታለሁ። ማንኳኳት ደግሞ ኃጢአት አይደለም።»

ለርዕሰ መምህሩ ግን በቂ ኃጢአት ነበር። አደጋው ግድያ ሊባል መሆኑን ሲረዱ፣ አደጋ ነው የሚለውን ሙጥኝ እንዳላሉ ሁሉ፣ ወዲያው ወጣቷን ያዙ።

«በመምህራን ስብሰባ ላይ ተጣልተው ነበር» አሉ። «'ግጥም በቃል ማስያዝ ልጆቹን በቀቀን ማድረግ ነው' አለቻቸው፣ ፊት ለፊት። የመጨረሻዋ ተማሪ ስትወጣ መምህርቷ በሕይወት ነበሩ፤ 'አመሰግናለሁ' ብለዋታል። ከዚያ በኋላ እኔና የድራማ መምህሩ መምህራን ክፍል አብረን ነበርን። የጎደለችው እሷ ብቻ ናት።»

«ስለዚህ...» ብላ መርማሪዋ አቆመች።

ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ።

ወጣቷ መምህርት የተማሪዎቹን ወረቀት ታቅፋ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር። እስር ቤት እንደምትገባ አስቀድማ የተቀበለች ትመስላለች።

«ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የሄድኩት» አለች። «ልጆቹ ስለ ልቦለዱ ሲጽፉ ዞሬ ዞሬ አነብ ነበር። ስለ ሰው ሐዘን መጻፍ ሲያቅታቸው ከእሳቸው የተማሩትን ስንኝ ይጠቅሳሉ። አንዱ ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹ። ተሳስቼ ነበር ልላቸው ነው የሄድኩት። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። የተቀየሙኝ መስሎኝ ተመለስኩ።»

«ከምሳ ሰዓት ጀምሮ የት ነበርሽ?»

«ከተማሪዎቹ ጋር ጠረጴዛ ስንደረድር። ከዚያ ፈተናው እስኪያልቅ ፊታቸው ቆሜ።»

«እንግዲያው...» አለች መርማሪዋና ደግሞ አቆመች። ወጣቷ ጥፍሯን እየነከሰች ጠበቀቻት።

ከሁሉም በኋላ ግጥም ያለችው ተማሪ የድራማ መምህሩ ልጅ ናት። ስትናገር ምላሷ ይተሳሰራል፤ አምና በዚሁ ምክንያት ወድቃለች፤ ሦስተኛ ዕድል ደግሞ አይሰጥም። መርማሪዋ ከአዳራሹ ደረጃ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ ብዙ ከተንተባተበች በኋላ ያልተጠየቀችውን ተናገረች።

«ቲቸር ተቀይመውኝ ነው የሞቱት።»

«ማን አለ?»

«ዓመቱን ሙሉ በእረፍት ሰዓት ያስጠኑኝ ነበር። አባዬ አያውቅም፤ አልፌ ላስደንቀው ነበር። 'የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ምላስሽ ሲታሰር አትሩጪ፣ ዝምታውን አትፍሪው፣ እኔ እጠብቅሻለሁ' ይሉኝ ነበር።» ምላሷ ታሰረ። መርማሪዋ ቃል አላቀበለቻትም። «ዛሬ ግን አልጠበቁኝም።»

ግጥሙ በባሕር ዳርቻ ስላለች ቤት ነው። መሀሉ ላይ «በሩን ክፍት ተዉት፤ ገና የሚመጣ አለ» የሚል ትርጉም ያለው ስንኝ አለ። ልጅቷ እዚያ ላይ ቆመች።

«አልጠፋብኝም ነበር። አፌ ላይ ነበር፤ እየመጣ ነበር። እሳቸው ቀድመው ሹክ አሉኝ። ከዚያ ጨረስኩት። ግን የእኔ አልሆነም። በእኔ ተስፋ ቆርጠው ነው።»

መርማሪዋ መሀረቧን አውጥታ ሰጠቻት፤ ቋጠሮ ውስጥ ያለችው ቅንጣት ትዝ ስትላት መልሳ ወሰደችና በእጅጌዋ እንባዋን ጠረገችላት። ይህን ሥራ የጠላችበት ቀን ቢኖር ይህ ነበር።

የድራማ መምህሩን ያገኘችው መድረኩ ላይ ነው። ሽቅርቅር፣ አፈ ጮሌ፣ ሰው የሚወደው ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ብቻውን ነው ያሳደገው። በየዓመቱ መዝጊያ የመምህራኑን ሁሉ ድምፅ እያስመሰለ ሲጫወት አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል ይባላል፤ በተለይ አሮጊት ሲሆን።

«ጥብቅ ነበሩ አሉ» አለችው፣ «በተለይ በ...» እጇን አየር ላይ አወናጨፈች።

«በፈተና» አላት ወዲያው።

«አዎ። ልጆቹም በጣም የሚፈሩት...»

«ዝምታቸውን።»

«ይባረኩ። እርስዎ ሰው ሲደናቀፍ ዝም ብለው ማየት አይችሉም ማለት ነው።»

«የሥራ ልማድ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። ዓይኑ ግን ፈገግታውን አልተከተለውም።

ሁሉንም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው፦ ርዕሰ መምህሩን፣ ወጣቷን መምህርት፣ የድራማ መምህሩን። አንድ ፖሊስ በሩ አጠገብ ቆሟል። ልጅቷን ወደ ቤቷ እንድትሸኛት የጽዳት ሠራተኛዋን አደራ ብላት ነበር።

«ከሻሹ ልጀምር» አለች። «ጭንቅላታቸው ሲሰነጠቅ ራሳቸው ላይ ቢሆን ኖሮ በደም ይርስ ነበር። ንጹሕ ነው። ሌላ ሰው ያሰረላቸው ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ሻሻቸውን የሚያወልቁት ደግሞ ቀትር ላይ ነው። ሻዩ በምሳ ሰዓት መጣ፤ አንድ ልጅ በወጣ ቁጥር ፉት የሚሉ ሴት ግን አልቀመሱትም። መምህርቷ የወደቁት ከፈተናው በኋላ አይደለም። ከፈተናው በፊት ነው።»

«እንዴት ይሆናል?» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ልጆቹ ሁሉ ሰምተዋቸዋል።»

«ልጆቹ ሻሽ አዩ፤ ሁለት ቃል ሰሙ። ፊት ያየ የለም። የእሳቸው ሥርዓት ነው፤ ለፍትሕ ብለው ያወጡት።»

ወጣቷ መምህርት አፏን በእጇ ሸፈነች። መርማሪዋ ከቁም ሣጥኑ ጎን ያለውን በር ገፋችው። ውስጡ የመድረክ አልባሳት ተሰቅለዋል፤ ወለሉ ከቀሚሶቹ በረገፉ ቅንጣቶች ያብለጨልጫል። ከመሀረቧ አንዷን አውጥታ አሳየቻቸው።

«ከሹራባቸው ጀርባ ያነሳኋት ናት። መምህርቷ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚህ ውስጥ ነበሩ። አሁን የወደቁበትን ጊዜ ስናዞረው ተጠርጣሪውም ይዞራል። ወጣቷ ከቀትር ጀምሮ ከተማሪዎቹ ዓይን አልጠፋችም። ርዕሰ መምህሩ ቢሮአቸው ውስጥ ከወላጆች ጋር ነበሩ። በዚያ ሰዓት ማንም ያላየው፣ የአሮጊት ድምፅ አስመስሎ መናገር የሚችል ሰው...»

አልጨረሰችውም። ቀን ላይ ቃል ሲያቀብላት የነበረው ሰው አሁን አላቀበላትም።

«ይህ ብቻ ቢሆን ይከራከሩኝ ነበር» አለችው ወደ እሱ ዞራ። «ግን እትዬ ዝምታ በዘመናቸው ያላደረጉትን ዛሬ አደረጉ። ለአንዲት ልጅ ስንኝ ሹክ አሏት። የግጥም ፈታኝ እንዲህ አያደርግም። ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ፣ ቃል ለጠፋው ተዋናይ ሹክ ሲል የኖረ ሰው ግን ሳያስበው ያደርገዋል። አባት ከሆነ ደግሞ ይብስበታል።»

የድራማ መምህሩ የብረቱን ቁም ሣጥን ጥግ እያየ ተናገረ። ያ የሚያምር ድምፁ አልነበረም።

«ለመንኳቸው። ከተደናቀፈች አንድ ቃል ብቻ ስጧት፣ የቀረውን ትወጣዋለች አልኳቸው። 'አልሰጣትም፤ እጠብቃታለሁ' አሉኝ። ጭካኔ መሰለኝ። ገፋኋቸው። መግደል አላሰብኩም። ትንፋሻቸውን ባዳምጥ የለም። የሆነው ከሆነ በኋላ፣ ቢያንስ ልጄ ትለፍ ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ሲያልቁ ከዚያ ክፍል አውጥቼ እዚህ አስተኝቼ... ወንበሩን ጣልኩት።»

«አስከሬኑን ያየው ሐኪም ወዲያው አልሞቱም ይላል» አለች መርማሪዋ። ባትናገረው ትመርጥ ነበር፤ ግን ፍርድ ቤት ውስጥ ከሚሰማው እሷ ብትነግረው ይሻላል ብላ አሰበች። «ልጆቹ ግጥም ሲሉ ከዚህ በር ወዲያ ነፍስ ነበራቸው። ምናልባት ሰምተዋቸዋል።»

እሱ ግድግዳውን ተደገፈ። ያኔ ነው ከመድረኩ በኩል ያለው በር እንዳልተዘጋ ሁሉም ያዩት። ልጅቷ ቆማለች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ከኋላዋ ክንዷን ይዛ፣ ማስቀረት እንዳቃታት በዓይኗ ትናገራለች።

«አባዬ» አለች ልጅቷ። ምላሷ ታሰረ። ተፈታ። «አልጠፋብኝም ነበር። እሳቸው አስጠንተውኝ ነበር። ትንሽ ብትጠብቀኝ እለው ነበር።»

ወጣቷ መምህርት ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ ጨምቃ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። ፖሊሱ የድራማ መምህሩን ክንድ ያዘ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ፣ ልጁ ፊት፣ እሱ ቆመ። አፉን ከፈተ። የዕድሜ ልክ ሙያው ቃል ማቀበል የነበረው ሰው አንድም ቃል አልወጣ አለው። ርዕሰ መምህሩ አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ መርማሪዋ እጇን አንስታ ከለከለቻቸው፤ ፖሊሱንም በዓይኗ አስቆመችው።

ልጅቷ አላገዘችውም፤ ፊቷንም አላዞረችበትም። እጆቿን አጣምራ፣ ቀስ ብላ እየተነፈሰች፣ እንደተማረችው ጠበቀችው።