በሰው እጅ ያለ ትንፋሽ

ይህን እኔ አልፈጠርሁትም። ሰማንያ ሞልቶኛል፤ ከእንግዲህ ዋሽቼ ምን ላገኝ?

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ የካቲት 1955 ዓ.ም.። ቦታው እስቴ፣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም የሚሠራባት ባለ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት። ሰዓቱ... ከቀኑ ስድስት። ጠራራ ፀሐይ! ጅብና ጨለማ የምትጠብቁ ከሆነ ተሳስታችኋል።

የስማዳው ገበሬ ዳኘው ታፈረ አንጀቱ ተጠማዝዞ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ በቃሬዛ ደረሰ። ሆዱ ዛሬውኑ ካልተከፈተ አያድርም ተባለ።

ሲመዘገብ ግን ዋሸ። "ዳኘው ወልደ ጊዮርጊስ" አለ።

ለምን? አባቱ ታፈረ እዚያው እስቴ ካሳ የሚባል ሰው ገድሎ ወደ ስማዳ የሸሸ ነው። እርቅ አልወረደም። ደመኛ ባለበት አገር የአባቱን ስም የሚጠራ ሞኝ ነው።

ሚስቱን የሻረግን በር ላይ አስቀሯት። እሱን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

ራስጌው የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ ሥዩም ቆሟል። ረጋ ያለ ሰው ነው።

"አትፍራ ወንድሜ" አለው። "መጀመሪያ የሚያስተኛህን እሰጥሃለሁ። ሕመሙን አታውቀውም። ቀጥሎ ሥጋህን የሚያላላው ይገባል። ያን ጊዜ ደረትህም ይላላል፤ ራስህ መተንፈስ አትችልም።"

"ታዲያ ልሞት ነው?"

"እኔ ለምን ቆምሁ?" ጥቁር የጎማ ከረጢት አሳየው። "ቱቦ በጉሮሮህ አስገብቼ ይህን እየጨመቅሁ እተነፍስልሃለሁ። በል እስክትተኛ ከመቶ ወደ ኋላ ቁጠር።"

"ወደ ኋላ መቁጠር አልችልም ጌታዬ።"

"እንግዲያስ አባቶችህን ቁጠር። ሰባት ቤት ታውቅ የለም?"

ምን ያለ ጥያቄ ነው! ማን የማያውቅ አለ?

"ዳኘው..." ምላሱ እንደ ሰካራም ተፈታ። "ዳኘው ታፈረ... ጣሰው... ባዩ..."

የሥዩም እጅ ቆመ።

"የማን?... የታፈረ ጣሰው?"

ዳኘው ክው አለ። ልነሣ አለ... እግሩ እምቢ። እጁ እምቢ። የዐይኑ ቆብ እንኳ እምቢ አለው።

የሚያላላው ገብቷል። የሚያስተኛውን ግን ሥዩም ገና ሳያንቀላፋ ዘግቶታል።

ሁሉን ይሰማል። የመቀሱን ድምፅ... የሐኪሙን ሳል... ቢላው ሆዱን ሲቀደው እሳቱን። ልጩህ አለ፤ የሚጮህበት ትንፋሽ ግን የሱ አይደለም።

ከጆሮው ሥር ሹክሹክታ መጣ።

"ትሰማኛለህ አይደል?... የካሳ ልጅ ነኝ።"

ከረጢቱ ተጨመቀ። ደረቱ ሞላ።

"ስድስት ዓመቴ ነበር።"

ተጨመቀ። ሞላ።

ከዚያ... ሥዩም እጁን ከከረጢቱ አነሣ።

ዳኘው ውስጡ ነደደ። ማረኝ ሊል ፈለገ። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። ሐኪሙ አቀርቅሮ አንጀቱን ይፈታል፤ አላየም።

"ላድንህም... ልገድልህም አልችልም" አለ ሥዩም። ድምፁ ልቅሶ ነበር።

ኮቴው ራቀ። በሩ ተበረገደ።

ዳኘው በገዛ ገላው ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። መቃብር ቢሆን እንኳ ሰው በጥፍሩ ይቧጥጣል።

ከዚያ የሐኪሙ ጩኸት መጣ።

"አንቺ! ነይ! ይህን ጨምቂ!"

የሻረግ ነበረች። እያለቀሰች ጨመቀች። ትንፋሽ ገባ... እሰይ!

ሆዱ ተሰፋ። ቱቦው ከጉሮሮው ወጣ። ዐይኑ ተገለጠ፤ ጣቱ ተንቀሳቀሰ።

"መድኃኒቱ ለቆታል። ራሱ ይተነፍሳል፤ ተይው" አላት ሐኪሙ።

ተወችው።

ዳኘው ጠበቀ... ደረቱ አልተነሣም።

ከረጢቱ ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ጭኗ ላይ ነው። የባሏ ፊት ሲጠቁር አይታ ጨነቃትና ዝም ብላ ጨመቀችው።

ደረቱ ተነሣ።

ሐኪሙ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

እኔ ከስምንት ዓመት በኋላ በመምህርነት ስማዳ፣ ወገዳ ተመደብሁ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ዳኘው ራሱ ነው፤ ቤቱ፣ መደብ ላይ አስቀምጦ። ሲያወራ በየአራት በየአምስት ቃሉ ያቆማል።

አላመንሁትም። ወጣት ነበርሁ፣ የተማርሁ ነኛ!

የሻረግ ጥጉ ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ በነጠላዋ ሥር ይከፈታል... ይዘጋል። ይከፈታል... ይዘጋል።

"እጅዎን ያምዎታል?" አልሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። ዐይኗ ደም መስሏል።

"ልጄ ታንጉት ነበረች የምትቀበለኝ" አለች ቀስ ብላ። "አርብ ገበያ ሄዳ... ይኸው ሦስት ቀኗ። እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረ።"

ዳኘው ወደ እኔ ዞረ።

"እንግዲህ የኔታ፣ ካላመኑኝ..."

የሻረግ ዐይኗ ተከደነ። አንገቷ ዘንበል አለ። እጇ ቆመ።

ከነጠላዋ ሥር ጥቁሩ ከረጢት ወደቀና እግሬ ሥር መጣ።

ዳኘው አፉን እንደ ከፈተ ነው... በዐይኑ ብቻ ይለምነኛል።