የድንች መጋዘኑ አውሮፕላን

ይህ ታሪክ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። የማታምኑ ካላችሁ ከአሁኑ ውጡልኝ፤ ማንንም አልለማመጥም።

"ሌሊት ነበር፣ ዝናብ ነበር" የሚል ተረትም አትጠብቁ። እንደዚያ የሚጽፉት ምንም ያላዩ ናቸው።

ቀን ነው። ስምንት ሰዓት። ቆሰበር ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ይኸነው እባላለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ፈረሶች የሚግጡበት ሜዳ ዳር ያለ የቆርቆሮ መጋዘን እጠብቃለሁ። ድሮ ድንች ይከማችበት ነበር። አሁን አውሮፕላን ቆሞበታል።

አዎ፣ አውሮፕላን። የእህል ነጋዴው ሀጂ ሳሊሕ ከጫግኒ በታች ላለው የሰሊጥ እርሻቸው መድኃኒት መርጫ ብለው የገዙት፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ዕድሜው የእኔን እጥፍ የሚሆን።

ከፍታና ፍጥነት የሚያሳይ አዲስ ስክሪን ሊገጥምለት ከአዲስ አበባ አንድ መልካሙ የሚባል ሰው መጣ። ጓንት ሳያጠልቅ የእኛን በር እንኳ አይነካም። ስሜን ነግሬዋለሁ፤ "ዘበኛ" ነው የሚለኝ። እኔም "ኢንጂነር" እለዋለሁ... ፊቱን ሲያዞር ትፍ እላለሁ።

ሥራው ይሄ ነው። አውሮፕላኑ ኦቶፓይለት አለው፤ አብራሪው እጁን ሲያነሳ መሪውን ተቀብሎ የሚይዝ የድሮ መሣሪያ። አዲሱ ስክሪን የሚያወራው በቁጥር ነው። ኦቶፓይለቱ ቁጥር አያውቅም፤ የሚገባው የኤሌክትሪክ መበርታትና መድከም ብቻ ነው። ስለዚህ መሀላቸው የአንዱን ለሌላው የምታስተረጉም ትንሽ ሳጥን ትገባለች።

ከፍታ የሚለካ፣ ሰዓት የሚመስል አሮጌ ዕቃም ነበረ። መልካሙ ነቅሎ ሊጥለው ሲል ሀጂ ከለከሉት።

"ተወው፣ እዚያው ይቀመጥ።"

"ሀጂ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው! ስክሪኑ ይነግርዎታል።"

"ሱቄ ውስጥ ዲጂታል ሚዛን አለኝ ልጄ። አሮጌውን ግን ከጎኑ አላነሳሁም። ሁለቱ የተጣሉ ቀን የማምነው አሮጌውን ነው።"

መልካሙ ከትከት ብሎ ሳቀ። "እሺ፣ ለጌጥ ይሁንልዎ።"

አየር የሚያስገባለትን ቱቦ ቆረጠ። በሰዓቱ በኩል የቀረውን ጫፍ በፕላስተር ደፈነ። ባዶውን ሰዓት መልሶ ቦታው ሰካው። አየር የማይደርሰው ከሆነ መርፌው የሚንቀሳቀስበት ምክንያት የለም።

በማግስቱ ሀጂ ከአብራሪዋ ልጃቸው ከዋሂዳ ጋር ሊበሩበት ነው። ስለዚህ የዚያን ዕለት መሞከር ነበረበት። ሞተር አልተነሳም፤ ባትሪ ብቻ። እሱ ግራ ወንበር ላይ፣ እኔ "ሽቦ ያዝ" ተብዬ ቀኝ ላይ።

ኦቶፓይለቱን አበራው።

መሪው... ቀስ ብሎ ወደ እኛ ተሳበ። ወደ ሰማይ ለመውጣት እንደሚሳበው።

"ኢንጂነር፣ አንተ ነህ?"

"ዝም በል። ራሱን እየፈተሸ ነው።"

ጆሮዬ ድፍን አለ። ከጫግኒ ወደ ቆሰበር ሽቅብ ስትመጡ ሚኒባስ ውስጥ እንደሚደፍነው። ምራቄን ዋጥኩ፤ ተከፈተ። መልሶ ደፈነኝ።

እግሬ ሥር ያለው የውሃ ፕላስቲክ "ጧ" አለ። ሆዱ ተነፍቷል።

ቀና ብዬ አሮጌውን ሰዓት ሳይ... መርፌው ይዞራል። ሽቅብ።

"ቱቦውን... ቆርጠኸው የለም እንዴ?"

"ቆርጬዋለሁ።"

"ታዲያ ምንድን ነው የሚያዞረው?"

"አይጥ! ውረድልኝ! ስክሪኑን አታይም? መሬት ላይ ነን ይላል። ፍጥነት ዜሮ። አንተና ሀጂ ቆርቆሮ አምልኩ!"

ወረድኩ። እግሬ ሲሚንቶውን አገኘ። በሩን በላዬ ላይ ጠረቀመው።

ሀጂ ይህን ጊዜ ገቡ።

"አለቀ?"

"ሀጂ... እስቲ እሱን ይዩት።"

መልካሙ በመስታወቱ እያየ ነው። ግን ወደ ታች። እኛ አጠገቡ ቆመን፣ እሱ ዓይኑን አጥብቦ፣ ገደል ውስጥ የገባ በግ እንደሚፈልግ ሰው...

መስታወቱ ከውስጥ በረዶ ሠርቷል። በዚያ ፀሐይ! በጓንቱ ጠረገው። ከንፈሩ ጠቁሯል።

"ምን ሆኖ ነው?" አሉ ሀጂ በሹክሹክታ።

"ከፍ ያለ ይመስለኛል።"

"ከየት?"



በሩን ልይዝ ሮጥኩ። እጀታው መዳፌን ላጠው፤ ብርዱ እንደ እሳት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራሁት።

"መልካሙ! አትውጣ! ሰዓቱን እይ! አሮጌውን!"

የሰማኝ መሰለኝ። አሮጌውን ሰዓት አየ። ወደ ታች አየ። ስክሪኑን አየ።

ከዚያ ያቺን የንቀት ፈገግታውን አሳየኝ። ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ እንኳ አልተዋትም። ስክሪኑን በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ "ልኩ ይሄ ነው፣ አንተ ዘበኛ" እንደማለት።

በሩን ከፈተ። የወጣው ነፋስ ሀጂን ገፍቶ ግድግዳው ላይ ለጠፋቸው።

ከበሩ እስከ ሲሚንቶው ጉልበት አይሞላም። እግሩን አወረደ።

እግሩ ሲሚንቶውን አላገኘም።

ጩኸቱ ከእግራችን ሥር ሄደ... እየራቀ... እየቀጠነ... ሀጂ "ያ አላህ፣ ያ አላህ" እያሉ ተቀምጠው ሲሚንቶውን በመዳፋቸው እስኪዳብሱት ድረስ አላቆመም።



ሲሚንቶው ደረቅ ነው። ስንጥቅ የለውም።

በሀጂ ጣቶች መሀል ዝንብ የምታህል ጥላ አለፈች። ክንፍ አላት። እንደ አውሮፕላኑም ጅራት አላት። በእጃቸው ጀርባ ላይ ወጥታ ወረደች፣ ሳትቸኩል በመጋዘኑ በር አድርጋ ሜዳው ላይ ወጣች፣ ወደ ዳንግላ አቅጣጫ።

አውሮፕላኑ ከኋላችን ቆሟል።

ሜዳው ላይ ፈረሶቹ መጋጥ አቆሙ። አንድ በአንድ አንገታቸውን ቀና አድርገው... ባዶውን ሰማይ ማየት ጀመሩ።